ፈንጠዝያ፤ የሌላ ሰው ደስታ

ፍስሐ የሚባል ሰው የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ተድላም እንዲሁ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በጎጃም ስማቸው የገነነውን ደጃዝማች ተድላ ጓሉን ማስታወስ ይበቃል። ደስታ የሚባልማ ወንዱም ሴቱም ሞልቷል። በ1962 ዓ.ም. የታተመውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ያዘጋጁት ታላቁ የቃላት ሊቅ ራሳቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። በቅርቡ ደግሞ ሐሤት የሚለው ስም በሴቶች ልጆች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። አማርኛ ደስታን የሚጠራባቸውን ቃላት ለልጆቹ ስም አድርጎ ሲያድል ስስት አያውቅም ማለት ይቻላል።

አንድ ቃል ግን ከዚህ በረከት ተነጥሎ ቀርቷል። ልጁን «ፈንጠዝያ» ብሎ የጠራ አባት አላጋጠመኝም፤ የሚያጋጥመኝም አይመስለኝም። ለምን? ፈንጠዝያም እኮ የደስታ ስም ነው። ሐሳብን መጣል፣ ልብን ማቅለል፣ መጫወት፣ መጨፈር፣ መሳቅ በአንድነት ቢታሰሩ የሚወጣው ነዶ ፈንጠዝያ ይባላል። ሆኖም ቃሉ ሲነገር ከኋላው አንድ የተቋጠረ ፊት ይታያል። ሰባኪው «የዓለም ፈንጠዝያ» ሲል ይገሥጻል፤ ጋዜጠኛው «በሕዝብ ገንዘብ ፈንጠዝያ» ሲል ይከሳል፤ አባት ልጁን «አንተ ፈንጠዝያህን እንጂ ትምህርትህን አታይም» ሲል ይቆጣል። ስለ ራሳችን ስናወራ ደስ ብሎን ነበር፣ ተጫወትን፣ አመሸን እንላለን። ጎረቤታችን ያንኑ ሲያደርግ ይፈነጥዛል።

ይህ የአነጋገር ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ባለፍነው ነበር። የቃሉን የትውልድ ሐረግ ወደ ኋላ ስንከተለው ግን ፈንጠዝያ ከመነሻው ጀምሮ የተመልካች ቃል ሆኖ እናገኘዋለን፤ ደስ ያለው ሰው ያወጣው ስም ሳይሆን ደስ ያለውን ሰው ከዳር ቆሞ ያየ ሰው ያወጣው ስም ነው። ይህን ለማሳየት ረጅም መንገድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከግሪክ ተነሥቶ፣ ሜዲትራንያንን ዞሮ፣ በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ የሚደርስ መንገድ።

ከጉዞው በፊት ግን ቃሉ ሲመጣ ምን ዓይነት ቤት እንደጠበቀው ማየቱ ይበጃል። አማርኛ ቅለትን የማይወድ ቋንቋ ነው። «ከበደ» ክብደትን የሚወልድ ሥር ነው፤ በድምፅ የሚቀርበው «ከበረ» ደግሞ ክብርን ይወልዳል፤ ክብር፣ ክቡር፣ ከበሬታ። «ቀለለ» ደግሞ በአንድ በኩል ቀላልን ሲወልድ በሌላ በኩል የወለደው ቅሌትን ነው። «ቀላል ሰው ነው» ማለት ስድብ ነው፤ «ቀለለ» የተባለ ሰው ተዋረደ። በዚህ ሚዛን ላይ ልቡ የቀለለ ሰው ምን ተብሎ ይጠራ? ደስታ፣ ፍስሐ፣ ሐሤት የሚሉት ቃላት ክብደታቸውን ሳይጥሉ የሚያስደስቱ ናቸው። ሰው በሐሤት ሲሞላ ሞገሱ አይጎድልም። ከልክ የተረፈው፣ የሚዘልለው፣ የሚንከባለለው ደስታ ግን ለብቻው ማደሪያ ያስፈልገው ነበር።

ይህ ሚዛን የእኛ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 ይገኛል። ታቦቱ ወደ ከተማ ሲገባ ንጉሥ ዳዊት በፊቱ ይዘልላል፣ ይጨፍራል። የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት ሆና ታየዋለች፤ በልቧም ትንቀዋለች። ቤት ሲደርስ በሽሙጥ ትቀበለዋለች። እርሱም ከዚህ የባሰ እዋረዳለሁ ብሎ ይመልስላታል። ዕብራይስጡን የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ሜልኮል ንጉሡ ዛሬ እንዴት ከበረ ብላ ስታሾፍ የተጠቀመችበት ሥር የእኛው «ከበደ» ነው። ዳዊት ሲመልስ የተጠቀመበት ደግሞ የእኛው «ቀለለ» ነው፤ ከዚህም በላይ እቀልላለሁ አላት። ሁለቱ ባልና ሚስት በከበደና በቀለለ ተናገሩ፤ እኛም እስከ ዛሬ በእነዚያው ሁለት ቃላት እንከሳሰሳለን። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በዚህ ክርክር ከዳዊት ጋር ቆማለች። ካህናቱ በጥምቀት በታቦቱ ፊት ሲያሸበሽቡ ምሳሌያቸው እርሱ ነው። ሜልኮል በመስኮቱ በኩል ያየችው ሽብሸባውን ነበር፤ በዓይኗ የገባው ግን ፈንጠዝያ ነበር።

አሁን ወደ ግሪክ እንሂድ። በግሪክኛ «ፋይኖ» ማለት መግለጥ፣ ማሳየት ነው። ከዚህ ሥር «ፋንታዜስታይ» (መታየት፣ መገለጥ) ይወጣል፤ ከእርሱም «ፋንታሲያ»። የመጀመሪያው ትርጉሙ ከጭፈራ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ፋንታሲያ ለአንድ ሰው የታየው ነገር ነው፤ በዓይን ወይም በአእምሮ ፊት የቀረበ ሥዕል። አርስጣጣሊስ ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል ስሙ «ፋኦስ» ከሚለው የብርሃን ስም የመጣ መሆኑን ያስረዳል፤ ያለ ብርሃን ማየት አይቻልምና። ስለዚህ የቃላችን የመጨረሻው አያት ብርሃን ነው።

አፍላጦን ግን ይህን ብርሃን ቀድሞ ጠርጥሮት ነበር። «ሶፊስት» በተባለው ጽሑፉ ምስል የሚሠሩትን ሰዎች በሁለት ይከፍላል፤ የነገሩን እውነተኛ ልክ ጠብቀው የሚሠሩና ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ዓይን እንዲያምር ልኩን የሚያዛቡ። የሁለተኛዎቹን ጥበብ የሰየመው ከዚሁ ከፋንታሲያ ቤተሰብ በወጣ ስም ነው። ከርቀት የሚያይ ዓይን፣ ለዚያ ዓይን ሲባል የተጋነነ ነገር፣ የእውነት መዛባት። ፈንጠዝያ ላይ ዛሬ የምናቀርበው ክስ ከሞላ ጎደል በዚያን ጊዜ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

አዲስ ኪዳን በግሪክኛ ሲጻፍ ይህ ቃልና ቤተዘመዱ የገቡባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ሁለቱ ግን ለእኛ ነገር የተመረጡ ይመስላሉ። አንደኛው በማቴዎስ ምዕራፍ 14 ጌታ በባሕር ላይ እየተራመደ ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ የጮኹበት ቃል ነው፤ «ፋንታስማ»። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ምትሐት» ብሎ ተርጉሞታል። እንግዲህ ዛሬ በሠርግ ቤት የሚጨፍረው ቃል ዘመድ ወደ አገራችን አስቀድሞ የገባው በድንጋጤ ተርጓሚነት ነው። ሁለተኛው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 ላይ ነው። ንጉሥ አግሪጳና እኅቱ በርኒቄ በአገረ ገዢው ፊስጦስ አዳራሽ ከሻለቆችና ከከተማው ታላላቆች ጋር በብዙ «ፋንታሲያ» ይገባሉ። እዚህ ላይ ቃሉ የታይታ ግርማ፣ የአጀብ ጋጋታ ማለት ነው። ቃሉ በዚህ መልኩ በአዲስ ኪዳን የሚገኘው በዚህ አንድ ቦታ ብቻ ነው። አጀቡ ከገባ በኋላ እስረኛው ጳውሎስ ይቀርባል። የሰንሰለቱ ሰውና የፋንታሲያው ሰዎች በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት ይተያያሉ። (በነገራችን ላይ የአገረ ገዢው ስም ፊስጦስ በላቲን የበዓል፣ የደስታ ማለት ነው፤ የጣሊያኖች «ፌስታ» ከዚሁ ሥር ይወጣል፤ የእኛም «ፌሽታ» ከእርሱ ጋር ያለው ዝምድና ከጆሮ አያመልጥም። ፌሽታና ፈንጠዝያ በአማርኛ እንደ መንትያ ተያይዘው ሲሄዱ እሰማለሁ፤ በዚያ አዳራሽም አብረው ነበሩ።)

ከዚህ በኋላ ቃሉ በሁለት መንገድ ይጓዛል። አንዱ የሊቃውንት መንገድ ነው። የአርስጣጣሊስ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲተረጎሙ ቃሉ አብሮ ተሻገረ፤ ኢብን ሲና በአእምሮ ውስጥ የአምስቱ ሕዋሳት ወሬ የሚሰበሰብበትን ኃይል «ፈንጣሲያ» ብሎ ይጠራል። በዐረብኛው የሚጻፈው በጥብቁ «ጧ» ነው፤ ይህችን ፊደል ኋላ ላይ ስለምንፈልጋት እናስታውሳት። ሁለተኛው የወደብ መንገድ ነው። በሜዲትራንያን ዳርቻ ነጋዴው፣ መርከበኛውና ምርኮኛው እርስ በርሱ የሚግባባበት፣ ከጣሊያንኛ፣ ከእስፓንያኛና ከሌላውም የተቀላቀለ የንግድ ቋንቋ ነበረ። በዚያ ቋንቋ ፋንታሲያ ማለት ኩራት፣ መንጠባረር፣ ጉራ ማለት ነበር። ወደ ሰሜን አፍሪቃ መነጋገሪያ ዐረብኛም የገባው በዚህ ጠባዩ ነው። በግብፅም ቢሆን ቃሉ ለታይታ የሚደረግ ጌጥንና ልታይ ባይነትን ያመለክታል።

በ1832 እ.ኤ.አ. ዴላክሯ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ከአንድ የፈረንሳይ መልእክተኛ ጋር ወደ ሞሮኮ ሄደ። በዚያ ያየው የፈረሰኞች ትርኢት ልቡን ሰረቀው፤ ፈረሰኞች በአንድ መስመር ይጋልባሉ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ድምፅ ጠመንጃ ይተኩሳሉ። ዴላክሯ ይህን ደጋግሞ ሣለ፤ አውሮፓም ትርኢቱን «ፋንታሲያ» ብሎ አወቀው። የአገሩ ሰዎች ግን ከባሩድ ስም አውጥተው «ተቡሪዳ» ይሉታል። ለጋላቢው ይህ የፈረስ ጥበብ፣ የጎሣ ክብር፣ የአባቶች የጦር ትዝታ ነው፤ ለተመልካቹ ደግሞ ፋንታሲያ። በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ይህን ቅርስ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር የጻፈው ተቡሪዳ ብሎ ነው። የአልጄሪያዋ ደራሲ አሲያ ጀባር ግን በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልብ ወለድ ርእስ ላይ ፋንታሲያን ሆን ብላ አስቀመጠችው፤ የአገሯን በፈረንሳይ መወረር የሚተርክ መጽሐፍ ነውና የወራሪውን ቃል መልሳ ለወራሪው ማሳየቷ ይመስለኛል።

በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን በአባይ ሸለቆ ላይ ሽቅብ የወጡት አውሮፓውያን ተጓዦች ቃሉን በሻንጣቸው ይዘውት ወጡ። በማስታወሻዎቻቸው ውስጥ የአገሬው ሰው የሚያደርገው ጭፈራ ሁሉ ፋንታሲያ ነው። ሠርግ ቢሆን፣ የድል በዓል ቢሆን፣ ወታደር ደመወዝ የተቀበለበት ምሽት ቢሆን ልዩነት የለውም። ከበሮ ከተመታ ፋንታሲያ ነው። ይህ ጅምላ ስም ለጸሐፊው ምቹ ነበር፤ ማን ምን እያከበረ እንደሆነ ከመጠየቅ ያድናልና።

ጣሊያኖች በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ሲይዙ፣ በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራን ቅኝ ግዛት ብለው ሲሰይሙ፣ የራሳቸው ቋንቋ ቃል በእንግዳ ልብስ ተመልሶ ጠበቃቸው። በአገራቸው ፋንታሲያ ማለት የሐሳብ ፈጠራ፣ ምናብ ማለት ነው፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ ግን የአገሬው ጭፈራ ማለት ሆነ። በቅኝ ግዛት ጽሑፎቻቸው ቃሉ የሚውለው በዚህ በሁለተኛው ፍች ነው። በተለይ አስካሪዎቹ፣ ማለትም ለጣሊያን የተመለመሉት የአገሬው ወታደሮች፣ መሣሪያ ይዘው ሲፎክሩና ሲጨፍሩ መኮንኖቹ ፋንታሲያ አሉት። ፉከራ ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ፎካሪው አባቱን ይቆጥራል፣ የገደለውን ይጠራል፣ ለነገ ሞቱ ዛሬ ቃል ይገባል። ከእርሱ በላይ ክብደት ያለው ነገር የለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያየው መኮንን ግን የምሽት መዝናኛ ነበር። እነዚያው አስካሪዎች ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሊቢያ በረሃ ተወስደው ለባዕድ ጦርነት ሞተዋል፤ ገብረየሱስ ኃይሉ በ1927 እ.ኤ.አ. በትግርኛ ጽፈውት በ1950 እ.ኤ.አ. የታተመው «ሓደ ዛንታ» የእነርሱን መራራ ታሪክ ነው የሚነግረን። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ደግሞ ያው ቃል ከመኮንኖቹ ጋር ወደ መሐል አገር ዘለቀ።

እንግዲህ አማርኛ ቃሉን ያገኘው ከማን ነው? ከዐረቡ ወይስ ከጣሊያኑ? ፊደሎቹን ምስክር እንጥራ። «ጠ» ወደ ዐረብኛ ይጎትታል፤ የኢብን ሲና ጥብቅ ፊደል ናትና። ሆኖም ከጣሊያንኛ የመጡ «ጋዜጣ» እና «ጣውላ» የሚሉት ቃላትም «ጠ»ን ይዘዋል፤ «ፓስታ» እና «ፖስታ» ደግሞ አልያዙም። ስለዚህ ይህ ምስክር ቃሉን ያወላውላል። «ዘ» በበኩሏ ወደ ጣሊያንኛ ታደላለች። የግሪኩና የኢብን ሲና ቃል «ሰ» ነው ያለው፤ ጣሊያኖች ግን ሲጽፉት በ«ሰ» ይጽፉና ሲናገሩት «ፋንታዚያ» ይሉታል። እኔ የሁለቱንም ቃል ተቀብዬ የምፈርደው ይህን ነው፤ ከጣሊያን የወጣ፣ በዐረብ ምላስ የታሸ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ሽቅብ የወጣ ቃል ነው። ሌላ ፍርድ ያለው ቢከራከረኝ ደስ ይለኛል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ከገባ በኋላ የሆነው ነው። ብዙ የባዕድ ቃል በአማርኛ ውስጥ ዕድሜ ልኩን እንግዳ ሆኖ ይኖራል። ፖስታ ፖስታ ነው፤ «ፖሰተ» የሚል ግሥ አልወጣለትም። ፈንጠዝያ ግን ደጃፉን እንዳለፈ ዘመድ አገኘ። እስቲ እነዚህን ግሦች ጮክ ብለው ያንብቧቸው፤ ፈነዳ፣ ፈነደቀ፣ ፈነጨ፣ ፈነጠረ፣ ፈነጠቀ። ሁሉም የታመቀ ነገር ድንገት ሲለቀቅ የሚሆነውን ይናገራሉ። እምቡጥ ይፈነዳል፤ ልጅ በደስታ ይፈነድቃል፤ ጥጃ በመስክ ላይ ይፈነጫል፤ ጠጠር ይፈነጠራል፤ ጎሕ ይፈነጥቃል። በዚህ ቤተሰብ መካከል «ፈነጠዘ» ሲገባ ከወዴት መጣህ የሚለው አልነበረም። ፈነጠዘ፣ ይፈነጥዛል፣ መፈንጠዝ፣ ፈንጣዥ እያለ እንደ አገሬ ልጅ ተራባ። ዛሬ ቃሉ የውጭ ነው ቢባል የማያምን ተናጋሪ ብዙ ይመስለኛል። ደግሞ ዕጣ ፈንታው እንዴት ያለ ነው! አርስጣጣሊስ ከብርሃን ያወለደው ቃል ብዙ ሺህ ምዕራፍ ተጉዞ የተጠጋው ብርሃን ሲፈነጥቅ ከሚነገርበት ግሥ አጠገብ ነው። በሥርወ ቃል አይዛመዱም፤ አጋጣሚ ነው። ሆኖም ቋንቋ አጋጣሚን እንደ ዘመድ ሲቆጥር ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ከእነዚያ እኅትማማች ግሦች መካከል «ፈነጨ»ን ለብቻ ላንሣ፤ የነገሬ ብልት ያለው በእርሱ ላይ ነውና። ጥጃው ሲፈነጭ ማንም አይከፋውም። ግሡ ላይ አንዲት «በ» ስትጨመር ግን ዓለሙ ይገለበጣል፤ «ጠላት በአገሩ ላይ ፈነጨበት»። የአንዱ መዝለል የሌላው መረገጥ ይሆናል። ፈንጠዝያም ይህችን «በ» ከዘመዱ የወረሰ ይመስለኛል። በሕዝብ ገንዘብ ተፈነጠዘ፣ በድሃ ላይ ተፈነጠዘ እንላለን። «አስረሽ ምቺው» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሲጀመር ወገብሽን አስረሽ ጨፍሪ የሚል የሞቀ ግብዣ የነበረ ይመስላል፤ ዛሬ የሚነገረው ግን ጊዜውን በከንቱ ስላጠፋ ሌላ ሰው ነው።

ይህ ክስ በታሪካችን ውስጥ መንግሥት ሲገለብጥ አይተነዋል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ የሚያሳይ ፊልሙን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። ያሳየው ግን እንደ ነበረ አልነበረም፤ የረኀቡ ሥዕል ከቤተ መንግሥት ድግስና ግብዣ ሥዕሎች ጋር እየተፈራረቀ ተሸርቦ ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያ ፊልም ላይ ፈንጠዝያ የሚለው ቃል ተነግሯል ማለቴ አይደለም። መነገርም አያስፈልገውም ነበር፤ ፊልሙ በሙሉ የዚያ ቃል ትርጓሜ ነበርና። ለብቻው ሲታይ ድግስ ብቻ የነበረ ነገር ከተራበ ሕፃን አጠገብ ሲቀመጥ ሌላ ነገር ሆነ። ድግሱ አልተለወጠም፤ የታየበት ብርሃን ተለወጠ።

ከዚያ በትክክል ዐሥር ዓመት ተቆጠረ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት አከበረ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲንም መሠረተ። አደባባዩ በቀይ ጨርቅ ደመቀ፣ ሰልፉ ጎረፈ፣ እንግዶች ከሩቅ አገር መጡ። በዚያን ጊዜ ረኀቡ በወሎና በትግራይ ሰዉን እያጨደ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከቆረም ያመጡት ዘገባ በቢቢሲ ታየ፤ ዓለምም የበዓሉን ሥዕል ከቆረሙ ሥዕል አጠገብ አስቀመጠው። ከሳሹ በከሰሰበት ሚዛን ተመዘነ። ፋንታሲያ እንደገና በፋንታስማ ፊት ቆመ፤ አጀቡና ምትሐቱ፣ አግሪጳና ሰንሰለቱ።

ሁለቱንም ክሶች ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሚያሳስበኝ ቃሉ ከቤተ መንግሥት አጥር ወርዶ በተራው ሰው ደጅ ሲመላለስ ነው። የቀን ሠራተኛ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቢጨፍር፣ ዓመት ሙሉ የቆጠበ ቤተሰብ ልጁን ቢድር፣ ከስደት የተመለሰች ልጅ እናቷን አቅፋ ከበሮ ብታስመታ፣ በመስኮት በኩል የምታይ አንዲት ሜልኮል አትጠፋም። የአገራችን ባህል ደስታን ያለ ሥርዓት አልተወውም። ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ሠርግ አትፈቅድም፤ ስለዚህ ሠርጉ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይከማቻል። ጎረቤት ሐዘን ላይ ሳለ ሠርግ የደረሰበት ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ያስፈቅዳል፤ ሐዘንተኛውም ብዙ ጊዜ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ይመርቃል። ከበሮው ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ዝም አይልም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለቀሰውና የጨፈረው ሰው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ስለ ሌላው ከርቀት ስም የሚያወጣ አይኖርም። ፈንጠዝያ የሚለው ቃል እዚያ ሲነገር አልሰማሁም።

ለልበ ቀላሎች ወገን የቆሙ ሌሎች ቃላትም በአማርኛ ሞልተዋል። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ፊቱ ፈካ፤ ልቡ ጮቤ ረገጠ፤ ቦረቀ። እነዚህ ከውስጥ የሚነገሩ ናቸው፤ ቅቤው ሲፈስ የሚያውቀው ባለ አንጀቱ ብቻ ነው። «ዓለሙን ይቀጫል» የሚለው ደግሞ በመካከል ይቆማል፤ እንደ ተናጋሪው ፊት ቅናትም ምርቃትም ይሆናል።

ፈንጠዝያ ራሱም ቢሆን በአንድ ቦታ ጠባዩን ሲለውጥ ይሰማል። ወጣቶች ፈተና ጨርሰው፣ ወይም ደመወዝ ተቀብለው፣ ወይም ምንም ምክንያት ሳይኖራቸው ሲሰባሰቡ ከመካከላቸው አንዱ «በሉ ዛሬ እንፈንጥዝ!» ይላል። በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ ስለ ሌላ ሰው ብቻ ሲነገር የኖረው ግሥ በ«እኛ» ይረባል። ሲሉት ግን ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ በመስኮቱ በኩል ማን እንደሚያያቸው ያውቃሉና።